ለታጠፈ መሪ የትኛው የፍሬን እጀታ? ድምፁስ ከየት ይመጣል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሐዋሳ ነው የምኖረው፤ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የእጅ አንጓዬን ስላመመኝ የማውንቴን ሳይክሌን ቀጥ ያለ መሪ አስወጥቼ፣ እንደ ድሮ ሳይክል ወደ ኋላ የታጠፈ መሪ አስገጠምኩ። ወገቤ ቀና አለ፤ አንጓዬም ተሻለው። የድሮው የፍሬን እጀታ ከዚህ መሪ ጋር አያምርም ተብዬ ከአሮጌ የአውሮፓ ሳይክል የወጣ ቀጭን እጀታ ተገጠመልኝ። አሁን ኮብልስቶን ላይ ስሄድ ሁለቱም እጀታዎች ይንኳኳሉ። ፍሬን ስይዝ የፊቱ ይጮኻል። አንዳንዴ ደግሞ ሳላስበው ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ምን ዓይነት እጀታ ልግዛ? ድምፁንስ እንዴት ላጥፋው?»

ጋሼ፣ ስለ ድምፁ ከማውራታችን በፊት «ሳላስበው ቀጥ አድርጎ ይይዛል» ያሏት ላይ ልቁም። ከጥያቄዎ ሁሉ ያሳሰበችኝ እሷ ናት። የፊት ፍሬን ሳይታሰብ ጎማውን ቀጥ ካደረገው ሰው በመሪው ላይ ተገልብጦ ይሄዳል። ስለዚህ እስኪስተካከል ድረስ ቁልቁለት ላይ አይንዱት። ሜዳ ላይም ቢሆን የኋላውን ፍሬን አስቀድመው፣ የፊቱን በስሱ ይያዙ።

አሁን አንድ ነገር ወርደው ይዩልኝ። ፍሬኑ ያለበት ቦታ ላይ፣ ከቸርኬው ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም ክንዶች ቆመዋል? ገመዱስ በታጠፈ ቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ አልፎ አንዱን ክንድ ወደ ሌላው ይስባል? ከሆነ ፍሬንዎ ቪ ፍሬን የሚባለው ነው። ሺማኖ በ1996 ያመጣው ዓይነት ነው። ዛሬ ዲስክ የሌለው ማውንቴን ሳይክል አብዛኛው የያዘው እሱን ነው፤ የእርስዎም እሱ ይመስለኛል።

ቪ ፍሬን ከቀድሞዎቹ የሚለየው በገመድ አሳሳቡ ነው። የድሮው ፍሬን የሚፈልገው ትንሽ ገመድ፣ ግን በኃይል የተሳበ ነው። ቪ ፍሬን ደግሞ ከዚያ እጥፍ ያህል ገመድ ይፈልጋል፤ ኃይሉ ግን ግማሹ ይበቃዋል። እጀታዎቹም በዚሁ ልክ ሁለት ዓይነት ናቸው። ድንጋይ በመፈንቀያ ብረት ያነሳ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ብረቱ ከተደገፈበት ቦታ አጠገብ ያለው ጫፍ ብዙ ኃይል አለው፤ ግን ትንሽ ነው የሚሄደው። ራቅ ያለው ብዙ ይሄዳል፤ ኃይሉ ግን ያንሳል። የፍሬን እጀታም መፈንቀያ ነው። መደገፊያው እጀታው የሚዞርበት ፔርኖ ነው። የገመዱ ራስ ከፔርኖው በራቀ ቁጥር የሚሳበው ገመድ ይረዝማል።

የተገጠመልዎት ቀጭን እጀታ ለድሮው ፍሬን የተሠራ ነው። ገመዱን የሚይዘው ከፔርኖው ቅርብ ላይ ነው። ይህ በቪ ፍሬን ላይ ሲገባ የእጅዎ ኃይል ከሚገባው በላይ ተባዝቶ ይደርሳል። ለዚህ ነው በስሱ ነካ ሲያደርጉት ጎማው ቀጥ የሚለው። የሚስበው ገመድ ትንሽ ስለሆነ ደግሞ ሠራተኛው የፍሬኑን ጎማ፣ ማለትም ቸርኬውን ጨምቆ የሚይዘውን ላስቲክ፣ ቸርኬው ላይ ሊነካ እስኪደርስ አስጠግቶት ይሆናል። አለበለዚያ እጀታው ሳይዝ መያዣው ላስቲክ ጋር ይደርሳል። ቸርኬው ትንሽ ሲጣመም መፋቅ ይጀምራል፤ ሌላ ድምፅ ተጨመረ ማለት ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። የቪ ፍሬን እጀታ በድሮ ፍሬን ላይ ሲገጠም እጅ ላይ ጠንከር ብሎ ይሰማል፤ ሰውም ጥሩ ፍሬን ያለው ይመስለዋል። ሲይዘው ግን ሳይክሉ አይቆምም። እንዲያውም እሱ ነው ይበልጥ የሚያታልለው።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴ አጭር ነው። አያምርም ተብሎ የወጣው የድሮ እጀታዎ ካለ፣ እሱን ያስመልሱት። ከፍሬኑ ጋር አብሮ ተሠርቶ የመጣ ነው፤ ይግባባሉ። ወጪ የለውም። ውበቱን በሌላ መንገድ ማምጣት ይቻላል፤ መጀመሪያ ግን ሳይክሉ እርስዎ በፈለጉት ልክ ይቁም።

ተጥሎ ከሆነ ወይም ከተሰበረ አዲስ ይግዙ። ሲገዙ ማስመሪያ ይያዙ። ከፔርኖው መሃል እስከ ገመዱ ራስ መቀመጫ መሃል ይለኩ። በግምት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ለቪ ፍሬን ነው። ወደ 25 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ለድሮው ነው። ማስመሪያ ከሌለ ሁለት ዓይነት እጀታ ጎን ለጎን ይዘው ቢያዩም ልዩነቱ ያስታውቃል። አንዳንዱ እጀታ ላይ የገመዱን መቀመጫ ወደ ሁለቱም ቦታ የሚቀይሩበት አለ። እሱን ካገኙ አይለፉት፤ ነገ ፍሬን ቢቀይሩም ያገለግላል።

ቁሳቁሱን በሚመለከት ፕላስቲክ አይግዙ። የልጆች ሳይክል ላይ ያለው የፕላስቲክ እጀታ ሲጨመቅ ራሱ ይታጠፋል፤ ኃይልዎን እዚያው ይበላዋል። አሉሚኒየም ሆኖ አራቱም ጣት የሚያርፍበት ረጅም እጀታ ለእርስዎ ይሻላል። አንጓውን የሚያመው ሰው በሁለት ጣት ከሚጨምቅ በአራት ጣት ቢጨምቅ ይቀለዋል። ምላሱ፣ ማለትም ጣት የሚጨምቀው ክፍል፣ ብዙ ያልተጠማዘዘ፣ ቀጥ ያለ ይሁን። ጫፉ ላይ ድብልብል ያለች ራስ ትኑረው፤ ሹል ጫፍ ያለው እጀታ ሰው ሲወድቅ ይወጋል።

የመሪውን ቱቦ ውፍረትም ያስለኩ። ቀጥ ያለ መሪና ወደ ኋላ የታጠፈ የከተማ መሪ እጀታ የሚታሰርበት ቦታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 22.2 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ ታች የተቆለመመ የኮርሳ መሪ 23.8 ነው። ልዩነቱ ሚሊ ሜትር ተኩል አካባቢ ስለሆነ በዓይን አይያዝም፤ በካሊብሮ ግን ወዲያው ይታያል። ጠበብ ያለውን በኃይል ካስገቡት ማሰሪያው ይሰነጠቃል። ትንሽ ከሰፋ ግን ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ የተቆረጠ ስስ ቁራጭ አንዴ ጠምጥሞ ማሰር ይቻላል። እኔ ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ በደንብ ይይዛል።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። የታጠፈ መሪ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቀጥ ያለ መሪ ላይ እጅዎ ከላይ ነበር የሚያርፈው። የታጠፈው ላይ ግን መዳፍዎ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ሰው ሊጨብጥ እንደተዘረጋ እጅ። ስለዚህ እጀታው በድሮው አቀማመጥ ሊታሰር አይችልም። እንዲህ ያድርጉ። አንድ ሰው ሳይክሉን ይያዝልዎ። እርስዎ ኮርቻው ላይ ይቀመጡ፤ ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ እጅዎን ደስ ባለው ቦታ ያሳርፉ። ከዚያ አንጓዎን ሳያጥፉ ጣቶችዎን ብቻ ይዘርጉ። እጀታው መሆን ያለበት ጣቶቹ በተዘረጉበት ነው። ብዙውን ጊዜ ከመያዣው ወደ ውጭና ወደ ታች ዘንበል ብሎ ይመጣል። ጣትዎ ማረፍ ያለበት ወደ ጫፉ ስለሆነ፣ ማሰሪያውን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ገፋ እያደረጉ ያስተካክሉ። ማሰሪያው የሚቀመጠው ቀጥ ባለው ክፍል ላይ ነው፤ ጥምዝ ላይ ከታሰረ አይቀመጥም፣ ይንቀሳቀሳል።

እጀታው በጣም ወደ ውጭ እንዲወጣ ግን አይፍቀዱ። የእኛን ከተማ መንገድ ያውቁታል። መናኸሪያ አካባቢ ባጃጅ በክርንዎ ሥር ነው የሚያልፈው። ጎን ለጎን የወጣ እጀታ የባጃጁን ሸራ ወይም የሰው ከረጢት ይይዛል። ወደ ታች ሲያዞሩት ይጠበቃል። ማሰሪያው ቡሎንም እስከ መጨረሻው አይጥበቅ። በእጅ ሲገፉት የማይዞር፣ በደንብ ሲመታ ግን የሚዞር ይሁን። ሳይክሉ ሲወድቅ ተሽከርክሮ ይተርፋል፤ አለበለዚያ ይሰበራል።

መያዣውን ላስቲክ ለማውጣት በዘይት አይሞክሩ፤ ከዚያ በኋላ ላስቲኩ ዕድሜ ልኩን ይሽከረከራል። ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል ጠብ አድርገው ያዟዙሩት። ሲወጣም ሲገባም ይረዳል፤ ከዚያ ተንኖ ይደርቅና ላስቲኩ ይይዛል።

ገመዱን አደራ። መሪው እጅዎን ወደ እርስዎ ካመጣው ገመዱም ከነሽፋኑ ያን ያህል መርዘም አለበት። ብዙ ጊዜ ግን የድሮው አጭር ገመድ ተወጥሮ ይገጠማል። ለማወቅ ቀላል ነው። መሪውን እስከ ጥግ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ያዙሩት። ሲዞር የፍሬኑ ክንድ ከተንቀሳቀሰ ወይም ሽፋኑ ከተቀመጠበት ከወጣ አጭር ነው። አዲስ ሽፋን ሲገዙ ደግሞ የፍሬን መሆኑን ይጠይቁ። የማርሽ ገመድ ሽፋን ውስጡ ያሉት ሽቦዎች በቁመት የተደረደሩ ናቸው፤ በፍሬን ኃይል ሊፈነዳ ይችላል። የፍሬኑ እንደ ሞላ የተጠመጠመ ነው። ጫፉ ላይ ቢያዩት ይለያል።

እንግዲህ ወደ መንኳኳቱ። ከማንም በላይ የምነግርዎት ምክንያት አለኝ። ከዓመታት በፊት የራሴ ሳይክል ግራ እጀታ ይንኳኳ ነበር። ሥራ ይበዛብኝ ስለነበር ናስትሮ ጠምጥሜበት ዝም አሰኘሁት። ሁለት ወር ያህል ጸጥ አለ። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ጥቁር ውሃ ስሄድ፣ ፊት ለፊቴ ፍየል ገባችና ፍሬን ያዝኩ። እጀታው እጄ ላይ ቀረ። ለካ የሚንኳኳው የፔርኖው ዳዶ ላልቶ ነው። እኔ ሸፈንኩት እንጂ አላጠበቅኩትም። ፍየሏም እኔም ተረፍን። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው የሚንኳኳ ፍሬን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የላላውን ነገር ፈልጌ ሳላገኝ ላስቲክም ናስትሮም አልነካም።

ፍለጋውን በዚህ ይጀምሩ። የሳይክሉን የፊት ጎማ አራት ጣት ያህል ከመሬት አንስተው ይልቀቁት። ይንኳኳል። አሁን እጀታውን በአንድ ጣት በስሱ ይዘው እንደገና ይልቀቁት። ድምፁ ከጠፋ ችግሩ እጀታው ወይም ገመዱ ላይ ነው። ካልጠፋ እጀታውን አይውቀሱት። ፓራፋንጎው፣ ደወሉ፣ የዕቃ ቅርጫቱ ሊሆን ይችላል። እሱን ሳያረጋግጡ አንድም ቡሎን አይፍቱ።

እጀታው ከሆነ ምላሱን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይወዝውዙት። የሚወዘወዝ ከሆነ ፔርኖው ላይ ክፍተት አለ። በአሮጌ እጀታ ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ የእርስዎም ቀጭን እጀታ ላይ ሳይኖር አይቀርም። ዳዶውን ይፍቱ፤ ፔርኖውን በካቻቢቴ ያውጡ፤ የቆየውን አቧራና ግራሶ በጨርቅ ይጥረጉ። በምላሱና በማሰሪያው መካከል የምትገባ ስስ የፕላስቲክ ሮንዴላ ያስፈልጋል። የምትገዛ ካልተገኘች ከእርጎ ወይም ከወተት ፕላስቲክ ዕቃ በመቀስ ይቁረጧት፤ መሃሏን በጋለ ሚስማር ይብሷት። ግራሶ በጥቂቱ ቀብተው ይመልሱት። ፔርኖውን እጀታው መንቀሳቀስ እስኪያቅተው ያጥብቁ፣ ከዚያ ሩብ ዙር ይመልሱት። ፔርኖውን በካቻቢቴ ይዘው ሳይዞር ዳዶውን ያስሩ። በትክክል ከታሰረ ምላሱ ወደ ጎን አይወዘወዝም፤ ሲጨመቅና ሲለቀቅ ግን ያለ ምንም መጎተት ይሄዳል ይመጣል። ይህችን ሥራ ቀስ ብለው ይሥሯት። ከአስር ድምፅ ብዙውን የምታጠፋው እሷ ናት።

ሁለተኛው ምክንያት የላላ ገመድ ነው። ፍሬኑ ላይ ያለው ሞላ ገመዱን ወጥሮ ካልያዘው እጀታው እንደ ተንጠለጠለ ማንኪያ ይወዛወዛል። የታጠፈ መሪ ላይ ደግሞ እጀታው ወደ ታች ስለሚያይ ይብሳል፤ የራሱ ክብደት ይጎትተዋል። እጀታው ሥር ያለችውን ማስተካከያ ቡሎን ሁለት ሦስት ዙር ወደ ውጭ ያዙሩ። ከዚያ ቀለበቷን አጥብቀው ይቆልፏት፤ ያልተቆለፈች ቀለበት ራሷ ታንኳኳለች። ገመዱ ደርቆ እጀታው ካልተመለሰ ግን ማጥበቅ አይፈታውም። ሐዋሳ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ናት፤ ገመድ ሽፋን ውስጥ ሆኖ ይዝጋል። ገመዱን መዝዞ አውጥቶ ማየት ነው። ከዛገ ይቀየር፤ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

የሽፋኑ ጫፍም ይታይ። በፒንሳ የተቆረጠ ሽፋን ጫፉ ይጨፈለቃል፤ ስለዚህ መቀመጫው ውስጥ ልክ አይቀመጥም፣ ይላወሳል። ጫፉን በሞረድ ቀጥ አድርገው ይሙረዱት። ቀዳዳውን በወስፌ ይክፈቱት። የብረት ቆቡን ያልብሱት። እጀታውን ሲጨምቁ መጀመሪያ ላይ ልስልስ ብሎ ይሰማ የነበረውም በዚያው ይጠፋል።

በመጨረሻ ሁለቱ ገመዶች መሪው ፊት ለፊት እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ ኮብልስቶን ላይ ይህ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ከአሮጌ ከመነዳሪ ቀጭን ቁራጭ ቆርጠው የሚተላለፉበት ቦታ ላይ በላላ ቋጠሮ ያያይዟቸው። መሪውን እንደገና ግራና ቀኝ አዙረው ገመዱ እንዳልተያዘ ይዩ። ላስቲክ የማስረው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ጩኸቱ የተለየ ነገር ነው። ፍሬን ሲያዝ የሚመጣው ሲጥታ የፍሬኑ ጎማ ቸርኬው ላይ ሲንቀጠቀጥ ነው። መጀመሪያ ቸርኬውን በአልኮል ይጥረጉ። የካቴና ዘይት ከነካው ይጮኻል፣ ይንሸራተታልም። የፍሬኑ ጎማ ፊቱ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ በብርጭቆ ወረቀት ያሻክሩት፤ የተሰካ የብረት ፍንካችም በመርፌ ይልቀሙ። ከዚያ አቅጣጫውን ያስተካክሉ። የፍሬኑ ጎማ ቸርኬውን ሲነካ መጀመሪያ የሚነካው የፊት ጫፉ ይሁን፤ በስተኋላ ያለው ጫፍ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ። ፊት ማለቴ ሳይክሉ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ለመለካት ከደብተር ልባስ ቁራጭ ካርቶን አጥፈው በኋለኛው ጫፍ በኩል ያስገቡ፤ ፍሬኑን ጨምቀው ይያዙ፤ ቡሎኑን በብሩጎላ ያጥብቁ፤ ካርቶኑን ያውጡ። ይህን ሁሉ ሠርተው አሁንም ከጮኸ የፍሬኑን ክንድ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዝውዙት። ክንዱ ራሱ ላልቶ ሊሆን ይችላል።

እርስዎ አልጠየቁኝም፤ ግን የትኛው እጅ የትኛውን ፍሬን እንደሚይዝ ያረጋግጡ። እጀታ ሲቀየር ገመድ ይቀያየራል። በቀኝ በሚነዳባቸው አገሮች የተለመደው የፊት ፍሬን በግራ እጅ ነው። የህንድና የእንግሊዝ ሳይክል ግን የፊቱ በቀኝ ነው። ሞተር ሳይክልም የፊቱ በቀኝ ነው። የትኛውም ልክ ነው፤ ዋናው እጅዎ የለመደው ነው። በድንጋጤ ጊዜ እጅ እንጂ ጭንቅላት አያስብም።

የዘንግ ፍሬን ያለው የድሮ ሳይክል የያዛችሁ ደግሞ ይህን ሁሉ አንብባችሁ እጀታውን ወደ ገመድ ለመቀየር እንዳትነሱ። የዚያ ቸርኬ ፍሬኑ የሚይዘው ከውስጥ በኩል ስለሆነ በጎን የሚነካ ፍሬን የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ጎን የለውም። የዘንጉ መንኳኳት መገጣጠሚያዎቹ ላይ ነው። እያንዳንዷን መገጣጠሚያ ጠርጎ ግራሶ መቀባትና ቡሎኖቹን ማጥበቅ ይበቃል።

መሪው ጫፍ ውስጥ ገብቶ ምላሱ ወደ ፊት የሚያይ እጀታም አለ። ለታጠፈ መሪ በጣም ያምራል፤ ምንም ወደ ውጭ የሚወጣ ነገር የለውም። ነገር ግን የመሪውን ጫፍ የውስጥ ስፋት መለካት ይጠይቃል። ብዙዎቹም ለድሮው ፍሬን የተሠሩ ናቸው። ቪ ፍሬን እስካለዎት ድረስ አልመክርዎትም።

ሠርተው ሲጨርሱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ባጃጅ ሳይበዛ፣ ወደ ፍቅር ሐይቅ በሚወስደው ሜዳ አስፋልት ይውጡ። በእርምጃ ፍጥነት እየሄዱ የፊቱን ፍሬን አሥር ጊዜ ያህል ቀስ አድርገው ይያዙ፣ ይልቀቁ። ከዚያ ፈጠን ብለው ይድገሙት። አዲስ ገመድ በመጀመሪያው ሳምንት ላላ ይላል፤ በማስተካከያዋ ቡሎን አንድ ዙር ይመልሱታል። ፔርኖውንና ማሰሪያውን ቡሎን ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ይነካኩልኝ። ሲመለሱ በኮብልስቶኑ ይምጡ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አሁንም ከተንኳኳ ያንን የአራት ጣት ፈተና ደግመው፣ ድምፁ እጀታውን ሲይዙት ይጠፋ አይጠፋ እንደሆነ ይጻፉልኝ።